ስግድ፦ የማናውቀው የጎረቤታችን በዓል

ወርኃ ኅዳር ሲነሣ ብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን የኅዳር ሚካኤል ዕለት በየደጁ የሚጨሰው ጢስ ነው። «ኅዳር ሲታጠን» እንላለን። ከዚያ በወሩ 21 ቀን ኅዳር ጽዮን ትከተላለች። በዚሁ ሰሞን ግን በአገራችን ለብዙ መቶ ዓመታት ሲከበር የኖረ ሌላ በዓል አለ። ጸሎቱ በግዕዝ ይደርሳል፤ ካህናቱ ነጭ ጥምጥም ጠምጥመው፣ ጃንጥላ ተዘርግቶላቸው ወደ ተራራ ይወጣሉ፤ ሕዝቡም ጾሞ ይከተላቸዋል። በዓሉ ስግድ ይባላል፤ ባለቤቶቹም ቤተ እስራኤል ናቸው።

ስለ ስግድ የሰማን ሰዎች እንኳ አብዛኛውን ጊዜ «የእስራኤል በዓል» ብለን እናልፈዋለን። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በዓሉ የተወለደው እዚሁ በሰሜኑ የአገራችን ደጋ ነው። ስሙም «ሰገደ» ከሚለው የግዕዝ ቃል የመጣ ነው። በሌሎች አገሮች የሚኖሩ አይሁድ ከእኛዎቹ እስኪሰሙት ድረስ አያውቁትም ነበር። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ብለን የምንተርት ሕዝብ የቅርብ ጎረቤታችንን በዓል ከሩቅ አገር የመጣ ማስመሰላችን ይገርማል። በዛሬው ዕትማችን ይህን በዓልና ከበዓሉ ጀርባ ያለውን የቤት ውስጥ የእምነት ኑሮ እንመለከታለን።

ተራራ የሚወጣበት ቀን

የቤተ እስራኤል አቆጣጠር የጨረቃ ነው። ስለዚህ ስግድ እንደ ፋሲካና እንደ ዒድ በየዓመቱ ቀኑ ይለዋወጣል፤ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር ሦስተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። ቆጠራው የሚጀምረው «አስተስርዮ» ከሚባለው የኃጢአት ማስተስረያ ጾም ነው። ዕብራውያን ይህን ጾም ዮም ኪፑር ይሉታል። ከዚያ ዕለት ተነሥቶ ሲቆጠር 50ኛው ቀን ስግድ ነው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ 50 ቀን ለሚቆጥር አንባቢ ይህ አቆጣጠር እንግዳ አይሆንበትም።

በዋዜማው ልብስ ይታጠባል፤ ሰውም ወንዝ ወርዶ ገላውን ይታጠባል። በማግስቱ ከየመንደሩ የተሰበሰበው ሕዝብ ጾሞ፣ ነጭ ለብሶ ተራራውን ይያያዘዋል። ባለፈው ምዕተ ዓመት ከጎንደር ከተማ ብዙም የማይርቀው አምቦበር በዓሉ በድምቀት ከሚከበርባቸው ቦታዎች ዋነኛው ነበር። አንዳንዱ ሰው በራሱ ወይም በትከሻው ድንጋይ ተሸክሞ ይወጣል። ይህ በፈጣሪ ፊት ራስን ዝቅ የማድረግና የንስሐ ምልክት ነው።

ቄሶቹ ኦሪትን ይዘው ይቀድማሉ። የቤተ እስራኤል ኦሪት በሌላው ዓለም ምኩራብ እንደሚታየው በጥቅልል የተጻፈ አይደለም፤ እንደ ገዳሞቻችን መጻሕፍት በብራና ተጽፎ የተደጎሰ የግዕዝ መጽሐፍ ነው። ተራራው ላይ ሲደረስ ከዘፀአት ዐሥርቱ ትእዛዛት የተሰጡበት ክፍል ይነበባል። ከነህምያ መጽሐፍም ከባቢሎን ምርኮ የተመለሱት ሰዎች ሕጉ ሲነበብላቸው ያለቀሱበትና ቃል ኪዳናቸውን ያደሱበት ታሪክ ይነበባል። ንባቡ በግዕዝ ከተሰማ በኋላ ሕዝቡ እንዲገባው በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይተረጎማል። ሕዝቡም ፊቱን ወደ ኢየሩሳሌም አዙሮ ይሰግዳል።

ከቀትር በኋላ ጾሙ ይፈታል። ነጋሪትና ቃጭል እየተመታ፣ እየተዘመረ ከተራራው ይወረዳል። ዳቦው ይባረካል፤ ጠላው ይቀዳል፤ ጠዋት በለቅሶ የተጀመረው ቀን በደስታ ያልቃል።

ሃይማኖቱ የሚኖረው በቤት ነው

ስግድ በዓመት አንዴ ነው። ቤተ እስራኤልን ለዘመናት አንድ አድርጎ ያቆየው ግን በየሳምንቱ የሚመጣው ሰንበት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሰንበትን የሚመለከት «ትእዛዘ ሰንበት» የሚባል የግዕዝ መጽሐፍ አላቸው። ሰንበት በዚያ መጽሐፍ ውስጥ እንደ ሰው፣ ያውም ለሕዝቧ እንደምታማልድ ሴት ሆና ትቀርባለች።

የሰንበት ሥራ ዓርብ ያልቃል። እናቶች ዳቦውን ይጋግራሉ፤ ወጡን ሠርተው ያሰናዳሉ፤ እንጨትና ውኃ ቀድሞ ይገባል። ከሰዓት በኋላ ቤተሰቡ ወንዝ ወርዶ ይታጠባል። የቤተ እስራኤል መንደሮች ብዙውን ጊዜ ወንዝ ዳር የሚቆረቆሩትም ስለዚህ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ እሳቱ ይጠፋል። እስከ ቅዳሜ ምሽት እሳት አይነድም፤ ስለዚህ የሰንበት ምግብ የሚበላው ቀዝቅዞ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሕዝቡ ወደ ጸሎት ቤቱ ይሄዳል። ቤተ እስራኤል የጸሎት ቤታቸውን «መስጊድ» ብለው ይጠሩታል። ሙስሊም ወገኖቻችን የጸሎት ቦታቸውን በሚጠሩበት በዚሁ ቃል መጠራቱ የግዕዝና የዐረብኛ ቋንቋዎች ዝምድና ነው፤ ሁለቱም «ሰገደ» ከሚለው ሥር የወጡ ናቸው። ቄሱ ጸሎቱን አድርሰው ከየቤቱ የመጣውን ዳቦ ይባርካሉ፤ ሕዝቡም ተካፍሎ ይበላል።

የዓመቱን ዙር የሚሞሉት በዓላትም በአማርኛና በግዕዝ ስማቸው የሚታወቁ ናቸው። አዲሱ ዓመት «ብርሃን ሠረቀ» ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በመስከረም ይውላል። ከዚያ አስተስርዮ ይመጣል፤ በመቀጠል የዳስ በዓል፣ «በዓለ መጸለት» ይከተላል። የመከር በዓላቸው «ማዕረር» ነው። አስቴርን የሚያስቡበት ጾምም አላቸው። በፋሲካ ቡኮ የገባበት ነገር ከቤት ይወጣል፤ ለሰባት ቀን ቂጣ ይበላል። እንጀራም ጠላም የለም። እናቶች ለፋሲካ አሮጌውን የሸክላ ዕቃ ሰብረው በአዲስ ይተካሉ። ሸክላ ሠሪ ለሆነች ሴት በራሷ እጅ የሠራችውን ገንቦና ድስት በየዓመቱ መስበርና እንደገና መሥራት ራሱን የቻለ ጸሎት ሳይሆን አይቀርም።

የክህነት ሥርዓቱም ለየት ያለ ነው። ቤተ እስራኤል መነኮሳት ነበሯቸው፤ ምንኩስና በሌሎች አይሁድ ዘንድ የሚታወቅ አይደለም። በቤተ እስራኤል ትውፊት ምንኩስናን የጀመሩት በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖሩት አባ ሰብራ ናቸው።

ስምንት፣ አርባና ሰማንያ

ለቤተሰብ ገጽ አንባቢ ከሁሉ ይበልጥ የሚቀርበው የወሊድ ሥርዓታቸው ነው። በቤተ እስራኤል ወንድ ልጅ በተወለደ በስምንተኛው ቀን ይገረዛል። እናቲቱ ወንድ ከወለደች 40፣ ሴት ከወለደች 80 ቀን ከቤቷ ተለይታ በአራስ ጎጆ ትቆያለች። ቀኑ ሲሞላ ታጥባ፣ ልብሷን አጥባ ወደ ቤተሰቧ ትመለሳለች።

የኦርቶዶክስ እናቶች እነዚህን ቁጥሮች በቃላቸው ያውቋቸዋል። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና የሚነሡት ከዚሁ ከኦሪት ዘሌዋውያን በመጣ አቆጣጠር ነው። የአሳማ ሥጋ አለመብላቱን፣ ወንድ ልጅ መግረዙን፣ ከጸሎት በፊት መታጠቡን ብናስተውል የሙስሊም ጎረቤታችንም ቤት ከዚህ ወግ ብዙ የራቀ አይደለም። የአንድ አገር ልጆች አንዱን ኦሪት በየራሳችን መንገድ ስናነብ ኖረናል።

በወር አበባ ጊዜም ሴቲቱ የምትቆይበት ጎጆ ነበር፤ «የመርገም ጎጆ» ይባላል። ዙሪያው በድንጋይ ይከለላል፤ ምግቧን ቤተሰብ ያቀብላታል እንጂ ማንም አይነካትም። ዛሬ ይህን ስንሰማ ብዙዎቻችን ሊከብደን ይችላል። ለዚያ ዘመን ሴት ግን ጎጆው ሸክምም ዕረፍትም ነበር። ከመፍጨት፣ ውኃ ከመቅዳትና እንጨት ከመልቀም የምታርፈው ከሌሎች ሴቶች ጋር እዚያ በምትቀመጥበት ጊዜ ነበርና።

የተለየን ምን ነበር?

ይህን ያህል የሚያመሳስለን ነገር እያለ ለምን ሳንተዋወቅ ቀረን? መልሱ የሚያኮራ አይደለም።

በጎንደር ነገሥታት መንደር የቤተ እስራኤል ወንዶች ቀጥቃጭና ሸማኔ፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። ገበሬው ማረሻውን ከእነሱ ገዝቶ አርሷል፤ እመቤቲቱ እንስራውን ከእነሱ ገዝታ ውኃ ቀድታበታለች። በሌላ በኩል በብዙ ቦታ የርስት መሬት ባለቤት እንዳይሆኑ ተከልክለው ኖረዋል። «ፈላሻ» የሚለው መጠሪያ «ፈለሰ» ከሚለው ቃል የመጣ ሲሆን መሬት የሌለው፣ መጤ የሚል ትርጉም ይዟል። ሰዎቹ ራሳቸው ይህን ስም አይወዱትም። ከስሙ የባሰ ደግሞ «ቡዳ» የሚለው ስድብ ነበር። በእሳት ብረት ማቅለጥና ከአፈር ዕቃ ማውጣት የሚችል ሰው በዓይኑ ልጅ ይበላል ተብሎ ተፈራ።

ቤተ እስራኤልም በበኩላቸው የንጽሕና ሕጋቸውን ለመጠበቅ ከሌላው ሕዝብ ይርቁ ነበር። ከገበያ ወይም ከሌላ ሰው ቤት ሲመለሱ ሳይታጠቡ ወደ ቤታቸው አይገቡም፤ ከሌላው ጋር ማዕድ አይቆርሱም። ጎረቤቶቻቸው በዚህ ልማድ የተነሣ «አትንኩኝ» ብለው ይጠሯቸው ነበር። ሁለቱ አጥር ተደማምሮ በአንድ ገበያ የሚገናኙ ሰዎች በአንድ ገበታ ሳይቀመጡ ትውልድ አለፈ።

ይህ ነገር የጎንደር የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። ከሱሉልታ ተነሥቶ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ አዲስ አበባ ሲወረድ ቀጨኔ ይገኛል። ቀጨኔ በሸክላ ሠሪዎቿና በሸማኔዎቿ የታወቀች ሰፈር ናት። እዚያና በሰሜን ሸዋ ራሳቸውን የቤተ እስራኤል ወገን አድርገው የሚቆጥሩ፣ «ቤተ አብርሃም» የሚባሉ ሰዎች ይኖራሉ። ብዙዎቹ በአደባባይ እንደ አካባቢያቸው ሰው እየኖሩ የአይሁድ ሥርዓታቸውን በስውር ሲጠብቁ መቆየታቸውን ይናገራሉ። የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ቤተሰቦች ቡና የሚያፈሉበት ጀበና ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ እናቶች እጅ የወጣ ሊሆን ይችላል። ጀበናውን በየቀኑ እንነካዋለን፤ ሠሪዋን ግን ስንቶቻችን እናውቃታለን?

በሱሉልታ ያለፈው ጉዞ

በስግድ ተራራ ላይ ወደ ኢየሩሳሌም ዞሮ መስገድ ለቤተ እስራኤል ምኞት ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ1850ዎቹ ዓ.ም አባ ማኅሪ የተባሉ መነኩሴ ብዙ ሕዝብ አስከትለው በእግር ወደ ኢየሩሳሌም ተነሡ። ባሕሩ ለሙሴ እንደተከፈለ ለእነሱም እንደሚከፈል አምነው ነበር። ጉዞው ትግራይ ላይ ቆመ፤ በረሃብና በበሽታ ብዙ ሰው አለቀ፤ የተረፉት ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1965 ዓ.ም በእስራኤል የሰፋርዲ አይሁድ ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫዲያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል የዳን ነገድ ልጆች ናቸው ብለው ፈረዱ። የእስራኤል መንግሥትም በ1967 ዓ.ም ወደ አገሩ የመግባት መብታቸውን ተቀበለ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሺህ ሰዎች ሌሊት ሌሊት እየተጓዙ በእግራቸው ወደ ሱዳን ተሻገሩ። በመንገድና በመጠለያ ጣቢያ የሞቱት 4,000 ያህል እንደሚደርሱ ይነገራል። ኢየሩሳሌም በሚገኘው በሄርዝል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም በተካሄደው «ዘመቻ ሙሴ» ወደ 8,000 የሚጠጉ ሰዎች ከሱዳን በአውሮፕላን ተወሰዱ።

ቀጣዩ ምዕራፍ በደጃችን ያለፈ ነው። በ1982 እና በ1983 ዓ.ም ብዙ ሺህ ቤተ እስራኤላውያን ቤታቸውንና ከብታቸውን ትተው ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ መጡ። ከጎንደር የሚመጣው ዋናው መንገድ ጎጃምን አቋርጦ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ በሱሉልታ በኩል ወደ ከተማ ይገባል። ገበሬዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ጠባብ ቤት ተከራይተው ወራት ጠበቁ። ልጆቻቸውም በእስራኤል ኤምባሲ ቅጥር ግቢ ተማሩ። የደርግ መንግሥት ሊወድቅ ቀናት ሲቀሩት፣ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም «ዘመቻ ሰሎሞን» ተካሄደ። በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከቦሌ ተነሥተው እስራኤል ገቡ። ወንበሩ ተነቅሎለት በነበረ አንድ ትልቅ አውሮፕላን ብቻ ከ1,000 በላይ ሰው ተሳፍሮበታል። በጉዞው ላይ የተወለዱ ሕፃናትም ነበሩ።

የተመለሰ ጸሎትና ያልተመለሰ

ኢየሩሳሌም ከተደረሰ በኋላ ስግድ ምን ትርጉም አለው? ይህን ጥያቄ የደረሱት ሰዎች ራሳቸው ጠይቀውታል። መልሱ ቀላል አልነበረም።

የጠበቃቸው ኑሮ እንዳሰቡት አልሆነም። የአገሩ የሃይማኖት ባለሥልጣናት አይሁድነታቸው እንዲረጋገጥ የመጥለቅ ሥርዓት እንዲፈጽሙ ጠየቋቸው። ቤተ እስራኤል ይህን እንደ ውርደት ቆጥረው በ1978 ዓ.ም መባቻ በኢየሩሳሌም በዋና ረቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለአንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃወሙ። በመንደራቸው ሲያጋቡና ሲባርኩ የኖሩት ቄሶችም እንደ ረቢ አልታዩም። ሕዝቡ ሐኑካንና ፑሪምን የመሰሉ በአገር ቤት የማያውቃቸውን በዓላት መማር ነበረበት። የመርገም ጎጆው ቀረ። ልጆች ዕብራይስጥ ይዘው አማርኛና ትግርኛ እየረሱ ሲሄዱ አያትና የልጅ ልጅ በአስተርጓሚ እስከ መነጋገር ደረሱ። ከሰበታም ይሁን ከቡራዩ ልጁን ወደ ውጭ አገር የላከ ወላጅ የዚህን ነገር ሕመም ሳይነገረው ያውቀዋል።

ስግድ ግን አልጠፋም። ዛሬ በየዓመቱ ብዙ ሺህ ሰው የቤተ መቅደሱ ቦታ ቁልቁል በሚታይበት በኢየሩሳሌም አንድ ከፍታ ላይ ይሰበሰባል። ቄሶቹ እንደ አምቦበሩ ጊዜ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው በግዕዝ ያነብባሉ። የእስራኤል ፓርላማም በ2000 ዓ.ም ስግድን የአገሪቱ በዓል አድርጎ በሕግ አወጀው። ከተማዋን ካዩ በኋላም ለምን ወደ ተራራ ይወጣሉ ቢባል፣ ቄሶቹ ቤተ መቅደሱ ገና አልተሠራም ይላሉ። ወጣቶቹ ደግሞ ዕለቱ የአባቶቻቸውን ወግ በአደባባይ በኩራት የሚያሳዩበት ሆኖላቸዋል።

በዓሉ በዚህም አገር አልቆመም። በጎንደርና በአዲስ አበባ ዛሬም የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ብዙዎቹ አያት ቅድመ አያቶቻቸው በችግር ወይም በተጽዕኖ ክርስትና የተቀበሉ በመሆናቸው ጉዳያቸው ለብቻው የሚታይ ነው። ከኅዳር 2013 ዓ.ም ጀምሮ በተካሄደ ዘመቻ 2,000 ያህል ሰዎች ሄደዋል፤ የቀሩት ግን ብዙ ናቸው። እናት እዚያ ልጅ እዚህ፣ ወንድም ሄዶ እኅት የቀረችበት ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። እነዚህ ሰዎች በስግድ ቀን ወደ ኢየሩሳሌም ዞረው ሲሰግዱ እንደ አያቶቻቸው የሚያስቡት ቅድስቲቱን ከተማ ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ የሚያስቡት እዚያ ያለ እኅት ወይም ወንድም አላቸው።

በቤታችን ምን እናድርግ?

ወላጆች ከዚህ ታሪክ ለልጆቻቸው ሊያወርሱት የሚችሉት ነገር አለ። የመጀመሪያው የቃላት ጉዳይ ነው። «ቡዳ»፣ «ፈላሻ» እና «ቀጥቃጭ» በስድብ መልክ ከአፋችን ሲወጡ ልጆች ይሰማሉ። ልጅ ሲያተኩሰው ወይም ሆዱን ሲያመው «ዓይን ነው» ከማለት ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይሻላል። ይህን ማድረግ የልጁን ጤና ያድናል፤ የሸክላ ሠሪዋንም ስም ያድናል።

ሁለተኛው ማወቅ ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ጎንደር የምትሄዱ ከሆነ ከከተማዋ ወጣ ብላ የምትገኘውን ወለቃን ጎብኙ። ዛሬም ድረስ ትንንሽ የሸክላ ቅርጾች ይሸጡባታል። ጎንደር ለመሄድ የማይመቸው ደግሞ ቀጨኔ ሩቅ አይደለም። ጀበና ስትገዙ ከዋጋው ክርክር በኋላ የሠሪዋን ስም ጠይቁ፤ ልጅም ከእናቱ ይህን ሲያይ ይማራል።

ሦስተኛውን በኅዳር ማድረግ ይቻላል። በሦስቱም ከተሞቻችን በአንድ ግቢ ውስጥ የተለያየ እምነት ያላቸው ተከራዮች አብረው ይኖራሉ፤ በአንድ ዕድር ይቀባበራሉ፤ በዒድና በገና ምግብ ይለዋወጣሉ። ይህ መልካም ልማድ ስግድን የሚያከብር ሰውንም ሊጨምር ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ካጋጠማችሁ በዓሉ የሚውልበትን ቀን ጠይቁት፤ ቀኑ ሲደርስም «እንኳን አደረሰህ» በሉት። በዚህ አገር ከዚህ ሰላምታ የሚቀድም የጉርብትና መግቢያ የለም።